ጉቶ ሁሉ ያቆጠቁጣል ብዬ

የቅዳሜ ክፍል ወንድሞችና እኅቶች፣ ሦስት ሳምንት ምን ሆኜ እንደጠፋሁ ስትጠያየቁ ሰንብታችኋል። አንዳንዶቻችሁ ታሞ ይሆናል ብላችሁ ብርቱካን ይዛችሁ መጥታችሁ በሩን ዝግ አግኝታችሁታል። ብርቱካኑን ጎረቤቴ በልቶታል፤ ለማንኛውም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አልታመምኩም። አራት ቀን አዲስ አበባ ነበርኩ፤ የቀረው ጊዜ ይህን ለመጻፍ ድፍረት ስፈልግ ያለፈ ነው። አብዛኞቻችሁ ከደሴ ወደዚያ የምትሄዱት ለሕክምና ወይም ለጉዳይ ስለሆነ የእንጦጦን ጋራ ከሩቅ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። እኔ ወጣሁት። ባልወጣው ግን ይሻለኝ ነበር፤ ወይም አራት ዓመት ቀድሜ፣ ብቻዬን ሳልሆን፣ ብወጣው።

በነቢያት መጻሕፍት እየተመላለሰ ስለሚመጣው ጉቶ ያስተማርኳችሁን ታስታውሳላችሁ። ዛፉ ይቆረጣል፣ ጉቶው ይቀራል፣ ከጉቶው ቁጥቋጥ ይወጣል። ኢሳይያስ ላይ አለ፤ ኤርምያስ ላይ አለ፤ ዘካርያስ ላይ ሲደርስ ቁጥቋጡ ሰው ሆኖ ይመጣል። እኔ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝና አንድ ነገር ሦስት ቦታ ከተገኘ ሕግ ይመስለኛል። ለማስረዳትም በየጓሯችን ያለውን ባሕር ዛፍ ወሰድኩ። «ቁረጠው፣ ተወው፣ ሦስት ክረምት ጠብቅ፤ ዞረህ ስትመጣ ደን ሆኖ ታገኘዋለህ። የሰው እጅ አይግባበት» አልኳችሁ። ያን ዕለት አናጺው ወንድም ዘለቀ ከኋላ ወንበር እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ ጽድ ግን አንዴ ከተቆረጠ አለቀለት እኮ፤ አያቆጠቁጥም» አለ። «ወንድም ዘለቀ፣ የምናጠናው ነቢያትን ነው፤ አናጺነትን አይደለም» አልኩት። ሳቃችሁ። እሱም ሳቀ።

ዘለቀ እናቷ የሞተችባትን አንዲት ልጁን ፍሬሕይወትን ብቻውን አሳድጎ፣ ጀማል የሚባል የሙስሊም ልጅ ስታገባ «ከእንግዲህ ልጄ አይደለሽም» እንዳላት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በወሎ እንዲህ ያለ ጋብቻ ብርቅ ባይሆንም እኛ የክፍሉ ሰዎች ዘለቀን ደግፈን ቆምን። የማታውቁት ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ዓመት ሳይሞላው ዘለቀ ቤቴ መጥቶ ልሂድና ልያት አለኝ። «ጉቶውን አትነካካው፤ እግዚአብሔር ያቆጠቁጠዋል፤ ጠብቅ» ብዬ መለስኩት። ልጅ መውለዷን የሰማ ጊዜ ሁለተኛ መጣ። «መምህር፣ ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባላል። በባዶ እጄም አልሄድም፤ ለሕፃኗ በርጩማ ሠርቻለሁ» አለኝ። በዚያው ሰሞን ፍሬም ደውላልኝ ነበር፤ «አባቴ ስሜን ያነሣል ወይ?» ነበር ጥያቄዋ። ለሁለቱም ጠብቁ አልኩ። እውነቱን ልናገርና ደስ ብሎኝ ነበር። ከሁለቱም ወገን ለምለም ነገር ብቅ ሲል አየሁና ትርጓሜዬ ሲፈጸም በዓይኔ አያለሁ ብዬ ጓጓሁ። አንድ ቃል ብተነፍስ የእግዚአብሔር ሥራ መሆኑ ቀርቶ የእኔ ሥራ የሚሆን መሰለኝ።

ዘለቀ ባለፈው ኅዳር በድንገት ሞተ። ፍሬ ለቀብሩ አልደረሰችም፤ በሠልስቱ መጥታ አልቅሳ ሄደች። ድንኳኑ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያየን፤ አባቷ ሁለት ጊዜ ሊመጣላት ፈልጎ እኔ እንዳስቀረሁት ግን አልነገርኳትም። አክስቷ የዘለቀን ዕቃ ስታነሣ በርጩማውን አግኝታ የሚያደርስላት ሰው ስትፈልግ፣ እኔ ልውሰደው አልኩ። ያልነገርኳትን ልነግራት ነው የሄድኩት።

ሐሙስ

ከደሴ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣን። ረዳቱ በርጩማው አውቶቡሱ ላይ ይጫን አለ፤ እኔ እምቢ አልኩ። «አባት፣ ዙፋን ነው እንዴ?» አለኝና ሰው አሳቀብኝ። እስከ ኮምቦልቻ ጉልበቴ ላይ አድርጌው ሄድኩ፤ ከዚያ በኋላ እግሬ ስለደነዘዘ መተላለፊያው ላይ አቆምኩት፤ የሚያልፈው ሁሉ እየተሰናከለበት ሲረግመኝ ዋለ።

በመንገድ ላይ ለፍተሻ ሁለት ጊዜ ወርደናል። በሁለተኛው ፀሐዩ በርትቶ ነበርና አንዲት ባልቴት መቆም አቅቷቸው ስላየሁ በርጩማውን ሰጠኋቸው። ተቀምጠው እጃቸውን ከሥሩ ሰደዱና፣ «ማነው የሠራው ልጄ? እጁ ይባረክ» አሉ። ሠሪው ሞቷል አልኳቸው። «አይ! ነፍስ ይማር። ለምን ቸኮለ?» አሉኝ። እሱን ከመንገዱ ያዘገየሁት እኔ እንደሆንኩ ለማያውቁኝ ሴት ምን ብዬ አስረዳለሁ?

ደብረ ሲና ምሳ በላን። ሽሯቸው ከእኛ ሽሮ ቀጠን ይላል፤ በርበሬውም የዋህ ነው። ለሕፃኗ ብዬ ሁለት ኩባያ ቆሎ ገዛሁ፤ ልጅቷ ገና ሁለት ዓመት ተመንፈቅ እንደሆናትና ቆሎ እንደማትቆረጥም ያሰብኩት ጣርማ በርን ካለፍን በኋላ ነው። አርባ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ የልጅ ጥርስ መቁጠር አልቻልኩም።

ላምበረት የገባነው ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ነው። የእኛ መናኸሪያ ሰው ይጮህብሃል እንጂ አይነካህም፤ እዚያ ግን ሦስት ተሸካሚዎች በአንድ በርጩማ ላይ ተረባረቡ። ከግርግሩ መሀል አንድ ቀጠን ያለ ሰው የእኔን ስም በካርቶን ጽፎ ከፍ አድርጎ ይዟል። ጀማል ነበር፤ መምጣቴን አክስቷ ደውላ ነግራቸዋለች። የዛሬ አምስት ዓመት በሠርጉ ቀን ከመንገድ ማዶ አይቼው ፊቴን ያዞርኩበት ሰው ነው። ትከሻዬን ስሞ፣ «አብሽሩ ጋሼ፣ ደረሱ እኮ!» አለና በርጩማውን ከተሸካሚዎቹ እጅ አስጣለልኝ።

ቤታቸው መሪ በሚባለው ሰፈር ነው፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ፍሬ በሩ ላይ ተቀበለችኝ፤ እንደ ሥርዓቱ ሳመችኝ፤ እግሬን በሞቀ ውኃ አጠበችኝ። ምንም አልጎደለም፤ ፈገግታዋ ብቻ ለእንግዳ የሚሰጠው ዓይነት ነበር። በርጩማውን ስሰጣት ገለበጠችው። የአናጺ ልጅ ናትና መጋጠሚያውን በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች፣ «አንድ ሚስማር የለውም» አለች። ሕፃኗ ሐናን ወዲያው መጥታ ተቀመጠችበት፤ ልክ ለእሷ ቁመት ነበር።

«ጋሼ፣ አባዬ ይህን ለማን ሠራው?»

ይኸው ደጁ ተከፍቶልኝ ነበር። «ዕቃው መሀል ተገኘ» አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ ግን ከውሸት የከፋ ነበር።

ዓርብ

ጠዋት አየር ልቀበል ብዬ ወረድኩና ስመለስ ጠፋሁ። ሕንፃዎቹ ሁሉ አንድ መልክ፣ አንድ ቀለም፣ አንድ ደረጃ ናቸው። አራተኛ ፎቅ ቆጥሬ ወጥቼ በሰጡኝ ቁልፍ ስታገል በሩ ከውስጥ ተከፈተና አንዲት ሴት የጥርስ ብሩሽ አፏ ውስጥ እንደያዘች ቆመች። ደሴ ቢሆን ሌባ ተብዬ መንደር ይወጣብኝ ነበር። ሴትዮዋ ግን፣ «የማን እንግዳ ነዎት አባቴ? ብሎክ ተሳስተው ነው፤ ሁሉም ይሳሳታል» ብላ አፏን ተጉመጥምጣ፣ ነጠላዋን ደርባ፣ ሁለት ሕንፃ አቋርጣ እስከ ትክክለኛው በር አደረሰችኝ። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣና በጄሪካን ማጠራቀም እንዴት እንደሚያደክም በመንገድ ላይ ነገረችኝ። እኛም ዘንድ ያው ነው፤ ብቻ እኛ ጄሪካኑን አራት ፎቅ አናወጣም።

በዓለ ሃምሳ ነበርና ዓርብ ቢሆንም ለምሳ የዶሮ ወጥ ቀረበ። ጀማል እጄን እያስታጠበኝ፣ «ጋሼ፣ ሐሳብ እንዳይገባዎት። ዶሮውን የባረከው ከታች ያለው ክርስቲያን ጎረቤቴ ነው፤ ድስቱም የፍሬ ድስት ነው» አለኝ። እሱና ሐናን ምስር በሉ፤ እኔና ፍሬ ዶሮውን በላን። ለሠርግ ሁለት በሬ የሚጣልበት፣ ለየሃይማኖቱ ለየብቻ የሚሠራበት የወሎ ወግ፣ አንዱም ሌላውን ሳያስከፋ ከአንድ ማዕድ የሚቀመጥበት፣ መሪ አራተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ይህ ሰው ነው እንግዲህ እኛ ክፍላችን ውስጥ ስሙን ሳንጠራ ስንጸልይበት የኖርነው። 

ከጁምዓ መልስ ጀማል ጉርድ ሾላ ያለውን ሱቁን አሳየኝ፤ ፍሪጅ ይጠግናል። አንዱን ፍሪጅ ፈትቶ እየሠራ፣ ቀና ሳይል፣ «ጋሼ፣ አባቷ እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን ስሟን ሳያነሣ ቀረ ብላ ደምድማለች። ለእኔ አትናገርም። እኔ ግን የዚህ ሁሉ ምክንያት እኔ ነኝ እያልኩ ነው የምኖረው» አለኝ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጉዳዩ የእኔና የፍሬ ብቻ መሆኑ ቀረ። የእኔን ኃጢአት ሌላ ሰው ተሸክሞት ሲኖር ነበር፤ ያውም ዶሮ አሳርዶ ያበላኝ ሰው። እዚያው ልነግረው አስቤ ነበር። ነገር ግን መጀመሪያ መስማት ያለባት እሷ ናት አልኩ። አሁን ሳስበው እሱም ከፊሉ ፍርሃት ነው።

ቅዳሜ

ፍሬ የተማረችው የደን ሙያ ነው። ከየካ በላይ፣ የእንጦጦ ተዳፋት ላይ ካለ አንድ ችግኝ ጣቢያ ትሠራለች። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስለሆነ፣ «ጋሼ፣ አብረን እንውጣ፤ ጋራውን ያያሉ» አለችኝ። መገናኛ ድረስ በታክሲ፣ ከዚያ በሌላ ታክሲ ፈረንሳይ እስከሚባለው ሰፈር፣ ከዚያ በእግር። ዳገቱ ቀልድ አይደለም። እኔ በየሃምሳ እርምጃው ቆሜ ከተማውን የማደንቅ መስዬ ትንፋሼን እሰበስብ ነበር፤ እሷም አውቃ የማታውቅ ትመስል ነበር። ከተማው ከላይ ሲታይ እንደ ደሴ በገደል መሀል የተጣበቀ አይደለም፤ የተዘረጋ ነው፤ ጫፉ አይታይም።

መንገዱ በባሕር ዛፍ ውስጥ ያልፋል። ጉቶ ባየሁ ቁጥር እንደ ድሮዬ ልቤ ሞቅ አለ። ከአንዱ ጉቶ ዙሪያ ስምንት ዘጠኝ ቀንበጥ ወጥቷል። «ይኸውልሽ፣ ማንም ሳይነካው!» አልኳት።

«ማን አለዎት ጋሼ? ይህ እኮ ተነክቶ ነው» አለች። ተቀምጣ አሳየችኝ። «ሲቆረጥ ዘንበል ተደርጎ ካልተቆረጠ ዝናብ ይቋጠርበትና ይበሰብሳል። ልጡ ከተላጠ አያወጣም። ያወጣውንም ዝም ካሉት እርስ በርሱ ተሻምቶ ይቀጭጫል፤ ሁለቱን ሦስቱን መርጦ ሌላውን የሚያነሣ ሰው ያስፈልገዋል።»

ጥቂት አለፍ ብለን አንድ ትልቅ፣ ያረጀ፣ ቀላ ያለ ጉቶ አገኘን። በዙሪያው አንድ ቅጠል የለም።

«ይህስ?»

«ይህ ጽድ ነው። ጽድ አያቆጠቁጥም። አንዴ ከተቆረጠ እዚያው ላይ የሚጠበቅ ነገር የለም። ዘር ለቅሞ፣ ችግኝ አፍልቶ፣ ጥላ አድርጎ፣ ውኃ አጠጥቶ፣ እንደገና በእጅ መትከል ነው። እኔ ደመወዝ የምበላው በዚህ ነው» ብላ ሳቀች። ከመጣሁ ጀምሮ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

እኔ ጉቶው ላይ ተቀመጥኩ። የአባቷ ቃል ነበር፤ ቃል በቃል። በዚያች ቅጽበት ደግሞ ያላስተማርኳችሁ ምዕራፍ ትዝ አለኝ። ሕዝቅኤል ላይ ጉቶ የለም። እዚያ እግዚአብሔር ከዝግባው ጫፍ ለጋ ቀንበጥ በእጁ ቀጥፎ ከፍ ባለ ተራራ ላይ ይተክለዋል። ዳንኤል ላይ ደግሞ ጉቶው ራሱ በብረትና በናስ ታስሮ ይጠበቃል እንጂ ዝም ብሎ አይጣልም። ሁለቱንም አውቃቸው ነበር። ከባሕር ዛፌ ጋር ስላልገጠሙልኝ ዘልያቸዋለሁ። ሒሳብ ላይ አንድ ተማሪ እንዲህ ቢያደርግ ዜሮ ነበር የምሰጠው። ደግሞም የኢሳይያስ ጉቶ የተነገረው ምንም ማድረግ ለማይችሉ፣ አገራቸው ለሚጠፋባቸው ሰዎች ማጽናኛ እንዲሆን ነው። እኔ የአውቶቡስ ትኬት ቆርጦ መሄድ ለሚችል ሰው እጁን ማሰሪያ አደረግሁት።

«ፍሬ፣ ተቀመጪ» አልኳት።

ነገርኳት። ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ ክፍል ውስጥ ስለ ጽድ የተናገረውን፣ ያሳቅኩበትን፣ ቤቴ መጥቶ የጠየቀኝን፣ በርጩማውን ለማን እንደሠራው። እሷ የደወለችልኝ ጊዜ የአባቷን ልብ እያወቅሁ ጠብቂ እንዳልኳት። ለምን እንዳደረግሁት ላስረዳ ስጀምር ድምፄ ለራሴም አስጠላኝና ተውኩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ፍሬ አላለቀሰችም። እጇ ላይ ያለውን አፈር አራገፈች።

«ስንት ጊዜ ጠየቀዎት?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ያለውን ይንገሩኝ። እሱ ያለውን ብቻ፤ የእርስዎን አይንገሩኝ።»

ነገርኳት። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ፤ በባዶ እጄም አልሄድም፤ ለሕፃኗ በርጩማ ሠርቻለሁ። ይድገሙልኝ አለች፤ ደገምኩላት። 

ይቅርታ ጠየቅኳት። «እሱን አሁን አይጠይቁኝ ጋሼ። ቤቴ ይብሉ፣ ይደሩ፤ የአባቴ ወዳጅ ነዎት። ይቅርታ ግን ዛሬ የለኝም» አለች። ቀጥላም፣ «ለክፍሉ ሰዎች ይንገሯቸው። ስለ እኔ አይደለም። ስለ ጽድ አባዬ ያለው ትክክል እንደነበር ይንገሯቸው» አለችኝ። ከዚያ ተነሥታ ችግኞቹን ልታጠጣ ወደ ጣቢያው ሄደች። እኔም አንድ የውኃ ማጠጫ አንሥቼ ተከተልኳት። የት የት ላጠጣ ብላት፣ በጣቷ አሳየችኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ለጀማልም ነገርኩት። አንድም ክፉ ቃል አልወጣውም። ሐናንን አቅፎ በረንዳው ላይ ወጥቶ ብዙ ቆየ። ተመልሶ ሲገባ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ እራት ቀረበና እንደ ወትሮው መጀመሪያ ለእኔ አጎረሰኝ።

እሑድ

የደሴ አውቶቡስ በማለዳ ስለሚነሣ ጀማል ብቻ ይሸኘኛል ብዬ ነበር። ፍሬም ነጠላዋን ደርባ ወጣች።  ላምበረት ስንደርስ ጀማል ለመንገዴ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ቋጥሮ ሰጠኝ፤ ከሹፌሩ ጋር ተነጋግሮም ፀሐይ በማይመታው በኩል፣ መስኮት አጠገብ አስቀመጠኝ። እናንተን እያሰብኩ፣ ይህን ደግነት በየትኛው ትምህርቴ ውስጥ አስገባዋለሁ እያልኩ ተቀመጥኩ። የትም አይገባም። ከእንግዲህ ክፍሉን ሌላ ሰው ይምራው፤ እኔ ከኋላ ወንበር፣ ዘለቀ ይቀመጥበት ከነበረው ጎን እሰማለሁ።

ሞተሩ ሲነሣ ፍሬ መስኮቴ ሥር መጥታ ቆመች። መስታወቱን ገፋሁት።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ትናንት የወጣነውን ዳገት አባዬ ይወጣው ነበር?»

የምትፈልገው መልስ የትኛው እንደሆነ ገብቶኛል። አርጅቶ ነበር፣ ጉልበቱ ከድቶት ነበር ብላት ይቀላት ነበር፤ ለእኔም ይቀለኝ ነበር። ግን አንድ ጊዜ የአባቷን ቃል ቀብሬባታለሁ።

«ይወጣው ነበር» አልኳት። «በሞተበት ሳምንት እንኳ የጦሳን ተራራ በእግሩ ወጥቶ ወርዷል።»

ራሷን ነቀነቀች። አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር እጇን መስኮቱ ላይ እንዳደረገች ጥቂት እርምጃ አብራ ሄደች።

«እኔ እኮ» አለች፣ «ከትናንት ጀምሮ፣ ደክሞት ነው የቀረው እያልኩ ነበር የምጽናናው።»